የመንገጫገጭ ሊቃውንት

የላስታ ሰው ስለ ዝናብ፣ ስለ ጤፍ ዋጋና ስለ ሹም ሽር የሚሰጠው አስተያየት ከሌላው አገር ሰው እምብዛም አይለይም። ስለ መንገጫገጭ አፉን ሲከፍት ግን አርፎ ማድመጥ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ሲናጥ፣ ከወንበሩ ሲነሣና ሳያስበው ተመልሶ ሲወድቅ የኖረ ሰው ነው። ወልድያ መነኻሪያ ቆሞ የአንዱን መኪና የሞተር ድምፅ ብቻ ሰምቶ ድልብን በስንተኛ ማርሽ እንደሚወጣው፣ ጋሸና ሲደርስም የትኛው ወንበር ላይ ያለው ተሳፋሪ ወገቡን ይዞ እንደሚወርድ ይነግራችኋል። ዲግሪ የሚሰጥ ጠፍቶ ነው እንጂ የዚህ ትምህርት ዩኒቨርሲቲው እዚሁ እኛ ዘንድ ነው።

እኛን የመሰሉ ሊቃውንት ባሕር ማዶም መኖራቸውን የሰማሁት ከአክስቴ ልጅ ነው። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ይኖራል። ከሰኞ እስከ ዓርብ የሰው ሒሳብ ይሠራል፤ ቅዳሜና እሑድ ሮለር ኮስተር ፍለጋ ከክፍለ ግዛት ክፍለ ግዛት ይዞራል። ዘንድሮ ለገና መጥቶ እናቱን ሊያይ ገነተ ማርያም ሲዘልቅ፣ ማታ እሳት ዳር ተቀምጦ ይህንኑ ፍቅሩን ሊያስረዳት ሞከረ። ሰው ገንዘብ እንደሚከፍል፣ እንደሚሰለፍ፣ ወንበር ላይ እንደሚታሰር፣ በሐዲድ ሽቅብ ተጎትቶ ቁልቁል እንደሚለቀቅ አንድ በአንድ ነገራት። አክስቴ በትዕግሥት አዳመጠችው።

«የት ነው የሚያደርሰው ታዲያ?» አለችው።

«የትም። የተነሣንበት ቦታ ይመልሰናል።»

«ምን ረስታችሁ?»

መልስ አልነበረውም። እኔም እስከ ዛሬ አላገኘሁለትም።

ነገሩ ግን ቀልድ እንዳይመስላችሁ። የአሜሪካ የሮለር ኮስተር ወዳጆች ማኅበር የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የሰፈሩትም በዚያው ዓመት ነው። አንዱ ወገን ቋጥኝ ወደ ታች ካስፈለፈለ ንጉሥ ደጅ ይሳለማል፤ ሌላው ብረት ወደ ላይ ከቆለለ መሐንዲስ ደጅ። ሁለቱም ሩቅ መንገድ ይመጣሉ፣ ሁለቱም ይሰለፋሉ፣ ሁለቱም በመጨረሻ «ኧረ እመቤቴ!» ይላሉ። የአክስቴ ልጅ ሁለቱንም ማኅበር ስለሚያዘወትር የትኛው ላይ ጮኾ እንደሚጠራት ጠይቄው ሳቀና ዝም አለ።

እነዚህ የሮለር ኮስተር ወዳጆች የሚጣሉት ስለ ከፍታና ስለ ፍጥነት ይመስለኝ ነበር። ለካ ዋናው ጠባቸው ስለ ፋብሪካው ነው። የጊዮርጊስና የቡና ደጋፊ እንኳ እንዲህ አይካረርም። እ.ኤ.አ. በ1988 የተቋቋመው የስዊሱ ቦሊገር ኤንድ ማቢላርድ በልስላሴው ይመሰገናል፤ ጠላቶቹ ደግሞ «ከመጠን በላይ ለሰለሰ፣ ነፍስ የለውም» ብለው ያሙታል። የሆላንዱ ቬኮማ ተሳፋሪውን ከሐዲዱ በታች አንጠልጥሎ የሚገለባብጥ አንድ ሞዴል በየአገሩ ሸጦ ነበር። የሮለር ኮስተር ወዳጆች ስሙ ሲነሣ ጆሯቸውን ይይዛሉ፤ በትከሻ ላይ የሚወርደው ማሠሪያ በየመታጠፊያው ግራና ቀኝ ጆሮን ይደልቃል ይላሉ። የአክስቴ ልጅ ሰፈር አጠገብ፣ ሲክስ ፍላግስ አሜሪካ ይባል በነበረው መናፈሻ እ.ኤ.አ. በ1995 የተተከለው «ማይንድ ኢሬዘር» የዚሁ ዘር ነበር። መድኃኒቱም ይታወቃል፤ አንገትን ወደ ፊት አስግጎ፣ ጭንቅላትን ከመደገፊያው አርቆ መቀመጥ ነው። ይህን ሲነግረኝ ከት ብዬ ሳቅኩ፤ እኛ ቅጥቅጥ አውቶቡስ ውስጥ የምንቀመጠው ይኸንኑ አቀማመጥ አይደል!

ፍትሕ ለመስጠት ያህል፣ ቬኮማ ከዓመታት በኋላ የሐዲድ አሠራሩን አሻሽሏል፤ አዳዲስ ሥራዎቹንም የቀድሞ አሚዎቹ ሳይቀሩ ያወድሷቸዋል። ይህ ነገር አስቀናኝ። እኛ አገር አንዴ መጥፎ ስም የወጣለት መኪና ሰባት ጊዜ ሞተር ቢቀየርለት ይቅርታ አያገኝም።

ኢንታሚን የሚባል ሌላም አለ። ፍጥነት የሚወድ ነው። አቡ ዳቢ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2010 የተከፈተው ፎርሙላ ሮሳ የእሱ ሥራ ነው፤ በአምስት ሰከንድ ገደማ በሰዓት 240 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ከበረሃው የሚነሣው አሸዋ ዓይን እንዳይጎዳ ተሳፋሪዎቹ መነጽር ይደረግላቸዋል። የእኛ ሰው በሰዓት 30 እየሄደ ነጠላውን እስከ ቅንድቡ የሚከናነበው ለምን እንደሆነ ለፈረንጅ ማስረዳት የሚያቅተን ከሆነ፣ ይህን መጥቀስ ይበቃል።

አሁን ወደ ቅጥቅጡ ልምጣ። የአክስቴን ልጅ የተቀበልኩት ወልድያ ነው። ላሊበላ ድረስ በአውሮፕላን መምጣት ሲችል «በመንገድ ካልመጣሁ ምን አየሁ እላለሁ?» ብሎ በየብስ መጣ። መነኻሪያ ገብተን ትኬት ስንቆርጥ ረዳቱን ምን ቢለው ጥሩ ነው? «የመጨረሻው ወንበር ይገኛል?»

ረዳቱ ደነገጠ። ከኋላችን የተሰለፈው ሰው ሁሉ ዞረ። በላስታ ታሪክ የኋላ ወንበር ለምኖ የያዘ ሰው ያለ አይመስለኝም። ሰው የኋላ ወንበር ላይ የሚቀመጠው ዘግይቶ ሲመጣ፣ ወይም ከረዳቱ ጋር ሲጣላ ነው። ዘመዴ ግን ምክንያት ነበረው። በሮለር ኮስተር የመጨረሻው ሠረገላ ጉብታውን የሚያልፈው የፊተኞቹ ቁልቁል እየጎተቱት ስለሆነ፣ እዚያ ያለው ሰው ከወንበሩ ይነቀላል። ያቺ የመነቀል ቅጽበት «ኤርታይም» ትባላለች፤ ወዳጆቹ የሚጓዙት ለእሷ ነው። ቅጥቅጥ ላይ ምክንያቱ ሌላ ነው፤ የኋላው ወንበር ከኋላ ጎማው አልፎ የተንጠለጠለ ስለሆነ ጎማው አንድ ስንዝር ሲነሣ ወንበሩ ከዚያ በላይ ይነሣል። ውጤቱ ግን አንድ ነው። ልዩነቱ እዚያ ኤርታይሟን የሚለካት መሐንዲስ ነው፤ እዚህ ጉድጓድ ነው።

ድልብን ስንወጣ ጸጥ ብሎ መስኮት መስኮቱን ሲያይ ቆየ። ጥምዝምዙ አላስደሰተውም። በአየር ላይ የሚገለበጡት የመጀመሪያዎቹ ሮለር ኮስተሮች ፍጹም ክብ ይሠሩ ስለነበር የሰው አንገት ይቀጩ እንደነበር፣ በኋላ ቬርነር ሽቴንግል የሚባል ጀርመናዊ መሐንዲስ፣ ካሊፎርኒያ ላይ እ.ኤ.አ. በ1976 ለተከፈተ ሮለር ኮስተር፣ ቀስ እያለ የሚጠብና ቀስ እያለ የሚሰፋ ቅርጽ እንደቀየሰ፣ የመንገድና የባቡር መሐንዲሶችም ይህንኑ ስሌት እንደሚጠቀሙበት እየነገረኝ ሳለ ሾፌሩ መሪውን ጠመዘዘና ሁለታችንም ጥግ ላይ ያለው ዲያቆን ጭን ላይ ዐረፍን።

«መታጠፊያ ሲባል እኮ ቀስ እያለ ነው መጥበብ ያለበት!» አለ ዘመዴ፣ ከዲያቆኑ ላይ እየተነሣ።

ረዳቱ ሰማውና «ለተራራው ንገረው» አለ።

አስፋልቱን ለቀን ፒስታ ስንገባ ሰውየው ተለወጠ። ዓይኑ በራ። አንድ ደኅና ጉድጓድ መጣ፤ የኋላው ወንበር ላይ ያለነው ሁሉ አብረን ተነሣን፣ አብረን ወረድን። ዘመዴ ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ «ወይኔ! ወይኔ!» እያለ በደስታ ጮኸ። ከፊታችን እንቁላል በጭድ ጠቅልላ በጭኗ የያዘች እናት ነበረች። ዞር ብላ አየችው።

«ምን ሆንክ አንተ?»

«ተነሣሁ እማማ! ሙሉ በሙሉ ተነሣሁ!»

«እኔም ተነሥቻለሁ» አለች ጭዱን እየዳበሰች፤ «እልል ግን አላልኩም።»

ከዚያ በኋላ ነው ጉባኤው የተከፈተው። አውቶቡሱ ሙሉ ሰው ስለ ፋብሪካ መከራከር ጀመረ፤ የሜሪላንዶቹ ቢሰሙ አባልነት በነጻ ይሰጡ ነበር። አንድ ነጋዴ ከአባዱላ የሚስተካከል እንደሌለ ተናገረ። ዲያቆኑ አባዱላ ለከተማ ነው፣ ለእኛ ጉልበት ያለው መኪና ነው የሚበጀን አለ። አንዱ ላንድክሩዘርን ጠራ፤ «ቱሪስት ሁን እንጂ ቀጥሎ!» ብለው አፉን አስያዙት። ቅጥቅጡ ራሱ ሲነሣ ግን ነገሩ ተወሳሰበ፤ ምክንያቱም ፋብሪካው ማን እንደሆነ መስማማት አልተቻለም። ሻንሲው ከጃፓን የመጣ የጭነት መኪና ሻንሲ ነው። አካሉ አገር ቤት ተበይዶ የተገጠመ ነው። ወንበሩን ሌላ ሰው ሠርቶታል። ባሌስትራ የደረበበት ባለንብረቱ ነው፣ ጭነት እንዲችልለት። አሞርዛተሩ መቼ እንደሞተ ሾፌሩ ብቻ ያውቃል። እንግዲህ ተሳፋሪ «የሠራህ እጁ ይሰበር!» ብሎ ሲራገም እርግማኑን ለማን ማድረስ እንዳለበት እግዜርም ሳይቸገር አይቀርም።

ረዳቱ እዚህ ላይ ጣልቃ ገብቶ ያቀረበውን ንድፈ ሐሳብ ሳልመሰክርለት ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። ባሌስትራው የተሠራው ለኩንታል ነው፣ ሰው ሲያንስበት ይደነድናል፣ ሲሞላለት ይለሰልሳል አለ። «ስለዚህ ትርፍ የምጭነው ለእናንተው ወገብ ብዬ ነው።» ተሳፋሪው በሙሉ ጮኸበት። የሚያናድደው ነገር ግን ልክ ነው። ለብዙ ቶን የተሠራ ባሌስትራ ባዶውን ሲሄድ ጉድጓዱን አይውጠውም፣ አሳልፎ ለመቀመጫችሁ ይሰጠዋል። ክፋቱ፣ ፍሬኑም የተሠራው ለተወሰነ ክብደት ነው፤ ረዳቱ ትምህርቱን እዚያ ድረስ አላደረሰውም።

መንገዱን በተመለከተ ሁሉም መንግሥትን ወቀሰ፤ ይህ ባህላችን ነው። ዘመዴ ግን ሌላ ነገር አወራ። ፒስታ ላይ የሚወጣው ያ ጥርስ የሚያንቀጫቅጭ መስመር መስመር ሽብሽብ በግሬደር ጥፋት የሚመጣ ሳይሆን፣ ጎማ ራሱ ከተወሰነ ፍጥነት በላይ ሲሄድ እየነጠረ የሚሠራው ነው፤ የፊዚክስ ሰዎች አሸዋ ላይ ጎማ አሽከርክረው አሳይተውታል። በሌላ አነጋገር የእኛን ሐዲድ የሠራው ከእኛ በፊት ያለፈው ቅጥቅጥ ነው፤ እኛም ለሚቀጥለው እየሠራንለት ነው። ነጋዴው ይህን ሲሰማ «እና ፋብሪካው እኛው ነን ማለት ነው?» ብሎ ለትንሽ ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ መንግሥትን መውቀሱን ቀጠለ።

በስብሰባው መካከል ቃል ያልተነፈሱ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካክለው «ኤንትሬን የምታውቁ አላችሁ?» አሉ። ፊያት ስድስት መቶ ሰማንያ ሁለት ማለታቸው ነው፤ አባቶቻችን እህልም ሰውም ያመላለሱበት ያ አፈ ጠፍጣፋ ጣሊያን። በወጣትነታቸው ረዳት ነበሩ፣ ዳገት ላይ ታኮ ይዘው ከጎማው ኋላ በእግራቸው የሚከተሉ ዓይነት ረዳት። «ይነቀንቅሃል፣ ግን በወግ ነው የሚነቀንቅህ። የዛሬዎቹ ይሰርቁሃል።» ሞተሩ ሲያቃስት ከሩቅ ተራራ እንደሚሰማ፣ መድረሱን ሰምተው ሴቶች ቡና እንደሚያፈሉ አወሩልን።

የአክስቴ ልጅ እንባ አቀረረ። ምክንያቱም የእነሱም ወገን ሽማግሌዎች አሉት፤ «እውነተኛው ሮለር ኮስተር የእንጨት ነው፣ እንጨት ካልነቀነቀ ምኑን እንጨት ሆነ» የሚሉ። እዚያው ሲክስ ፍላግስ አሜሪካ ውስጥ «ዋይልድ ዋን» የሚባል የእንጨት ነበራቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1917 ማሳቹሴትስ ባሕር ዳር ተሠርቶ፣ የቆመበት መናፈሻ ሲዘጋ ተፈትቶ ወደ ሜሪላንድ የመጣና በ1986 እንደገና የተነሣ። አድዋ ላይ የዘመተ ሰው ልጁን ይዞ ሊሳፈርበት ይችል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2025 ኖቬምበር ላይ ያ መናፈሻም ተዘጋ። ዘመዴ ይህን ሲናገር ድምፁ ተሰበረ። ሽማግሌው ነገሩ ምን እንደሆነ በደንብ የገባቸው አይመስለኝም፤ አንድ ሽማግሌ ነገር መሞቱን ግን ተረድተዋል። እጁን ያዙና «እግዜር ያጥናህ ልጄ» አሉት። እንቁላል የያዘችው እናትም ከንፈሯን መጠጠች።

ገናን አሳልፈን ወደ ገነተ ማርያም ሄድን። አጼ ይኩኖ አምላክ ያስፈለፈሉትን ቤተ ክርስቲያን ዙሪያውን ዓምድ ዓምዱን እያየ፣ ውስጥ ገብቶ የጣራውን ሥዕል አንጋጦ፣ ከዚያ እኔን «ይህን ሁሉ ሲሠሩ ወደዚህ የሚመጡት በምን ነበር?» አለኝ። በምን ይሆናል? በበቅሎና በእግር ነዋ። እዚህ ላይ ነው ስሕተት... አይ፣ ስሕተት አልለውም፤ እዚህ ላይ ነው ወሬው ሌላ መልክ የያዘው። «በቅሎ ሳልሞክር አልመለስም» አለ።

ላሊበላ ተመልሰን ወደ አሸተን ማርያም የሚወስድ ባለ በቅሎ አገኘን። ዘመዴ እንደ ልማዱ ምርመራውን ከፋብሪካው ጀመረ፤ የማን ዘር ናት፣ ስንት ዓመቷ ነው፣ ከየት መጣች? ባለ በቅሎው ኮርቻውን እያጠበቁ ሰሙትና ሳቁ። በቅሎ አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው ያለች እንስሳ መሆኗን እያወቀ ይህን የሚጠይቅ ሰው ለእሳቸው አዲስ ነው። «ዘሯን ተወው። ሰጋር ናት። እንኳን አንተን ነፍሰ ጡር አድርሳለች።»

እውነትም ሰጋር ናት። ሜዳው ላይ ስትሄድ የአክስቴ ልጅ ፊት እየፈካ ሄደ። ሰጋር በቅሎ በአንድ ወገን ያሉትን ሁለት እግሮቿን ተከታትላ ስለምታነሣ፣ እንደሚዘል ፈረስ ወደ ላይ አትወረውርም፤ ጀርባዋ እምብዛም ከፍ ዝቅ አይልም። «ስዊሶቹ ይህን አላዩም!» እያለ ይጮህልኛል ከፊት። መንገዱ ጠቦ ገደል ዳር ሲደርስ ግን ጩኸቱ ተቋረጠ። በቅሎ ጭነት ለምዳ ስላደገች ጭነቷ ግድግዳው ላይ እንዳይጋጭ የውጪውን ጠርዝ ይዛ ነው የምትሄደው። ጭነት ባይኖርም ልማዷ ነው። የዘመዴ ግራ እግር እርካቡ ውስጥ ሆኖ ከበታቹ አየር ብቻ ነበረ፣ ከአየሩ በታች ደግሞ የሰው ማሳ።

«ማሠሪያ የለውም?» አለ በቀጭን ድምፅ።

«ለማን? ለእሷ?» አሉ ባለ በቅሎው።

የሮለር ኮስተር ሠረገላ ሦስት ዓይነት ጎማ አለው፤ ከላይ የሚሸከም፣ ከጎን የሚመራ፣ ከሥር ደግሞ ሐዲዱን አንቆ የሚይዝ፤ የሥሩ ጎማ ስላለ ነው ሠረገላው ከሐዲዱ ነቅሎ የማይበረው። የበቅሎዋ የሥር ጎማ ምኗ እንደሆነ መላልሶ ጠየቀኝ። ፍርሃቷ ነው አልኩት። በቅሎ ከፈረስ የምትለየው የማታምንበት ቦታ ላይ እግሯን አለማኖሯ ነው፤ ብትገርፋት ትቆማለች እንጂ አትሄድም። ይህ ለጊዜው አላጽናናውም። ጋማዋን ጨብጦ ዓይኑን ጨፍኖ ወጣ።

ላይ ደርሰን ከተሳለምን በኋላ ግን ልቡ ተመለሰ። ከአምባው ጫፍ ቆሞ የወጣነውን መንገድ ቁልቁል አየ። እጆቹን አፋተገ። አሁን ዋናው ነገር መጣ፤ እስከ አሁን የነበረው መጎተቻው ነው፣ የሚከፈልበት ቁልቁለቱ ነው አለኝ። ኮርቻው ላይ ሊወጣ እግሩን ወደ እርካቡ ሲያነሣ ባለ በቅሎው ልጓሙን ይዘው አስቆሙት።

«ውረድ ጌታው። ቁልቁለት ላይ በእግር ነው።»

«ደርሶ መልስ አይደለም እንዴ የተስማማነው?»

«ደርሶ መልስ ነው። ትመለሳለህ፣ በእግርህ።»

«ኧረ አባባ! እኛ እኮ እዚያ ማዶ የምንከፍለው ለቁልቁለቱ ነው!»

ባለ በቅሎው ገደሉን አዩት፣ እሱን አዩት፣ በቅሎዋን አዩ።

«ቁልቁለቱን ከወደድኸው ውሰደው ልጄ፣ ማንም አይከለክልህም» አሉት፤ «በቅሎዬን ግን ተውልኝ።»